እሱ ጡረታ ወጥቷል፣ ጡረታው ግን ገና አልወጣም

«ጡረታ ወጣህ አሉ፣ እንኳን ደስ አለህ! ታዲያ በወር ስንት ይሰጡሃል?»

«እስካሁን ባዶ።»

ጠያቂው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጓደኛዬ ግን አልቀለደም። ሃያ ዓመት በአሜሪካ ናሽናል ጋርድ፣ በትርፍ ጊዜ በሚያገለግለው ጦር ውስጥ፣ አገልግሏል። ሁለት ጊዜ ዘምቷል። የስንብት ዝግጅት ተደርጎለት፣ የታጠፈ ባንዲራና ስሙ የተቀረጸበት እንጨት ተሸክሞ ቤቱ ገብቷል። ያን ጊዜ ዕድሜው 43 ነበር። የመጀመሪያዋን የጡረታ ክፍያ የሚያያት ደግሞ 59 ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው ነው።

እንዲህ ያለው ሰው በአሜሪካ ጦር አነጋገር «ግሬይ ኤሪያ» ውስጥ ነው ይባላል። ግራጫው ቀጠና እንበለው። ወታደር ነው እንዳይባል ዩኒፎርሙን ሰቅሏል፣ ጡረተኛ ነው እንዳይባል የሚቀበለው ነገር የለም። በአማርኛማ ነገሩ የባሰ ያስቃል። ጋርዱንም ሪዘርቩንም በአንድነት «ተጠባባቂ ጦር» እንላቸው የለ? ሰውየው ሃያ ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ያገለግልና፣ ሲጨርስ የምር መጠበቅ ይጀምራል።

ይህን የምጽፈው ቀጠናው ሰው በሰው እየሆነ ስለመጣ ነው። በ2001 ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ በሃያዎቹ ዕድሜ ሆነው የተመዘገቡት አሁን በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ውስጥ ናቸው፣ ሃያ ዓመታቸውንም ሞልተዋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ ሳልረሳው።) ከእኛም ሰው ውስጥ ጋርድና ሪዘርቭ የገባ ጥቂት አይደለም። በ2009 ሥራ የጀመረው፣ ቋንቋ ወይም ሙያ ያላቸውን የውጭ ዜጎች ለጦሩ የሚመለምለው «ማቭኒ» የሚባለው ፕሮግራም ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ያኔ ገብቶ ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ሃያ ዓመቱ በ2029 ይሞላል። ስለዚህ የዛሬው የጓደኛዬ ጉዳይ የነገ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው።

አቋሜን ልናገርና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ጡረታ አይክድም። ጊዜው ሲደርስ ይከፍላል። ችግሩ እስከዚያው ድረስ አንተን ይረሳሃል። ደመወዝ ከፋዩ መሥሪያ ቤት ጉዳይህን ገና አልያዘውም፣ የድሮ ክፍልህ አዛዦች ተቀያይረዋል፣ ፋይልህ የሆነ ቦታ ተቀምጧል። በእነዚህ ዓመታት መዝገብ ቤቱም፣ ጸሐፊውም፣ ጉዳይ አስፈጻሚውም አንተው ነህ። ይህን አንድም ሰው በስንብቱ ቀን አይነግርህም።

መጀመሪያ ግን ለምን 60?

ነገሩ የተጀመረው በ1948 ነው። ኮንግረስ በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ባወጣው ሕግ፣ ሃያ ዓመት ያገለገለ ሪዘርቪስት 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ያገኛል ተባለ። ከዚያ በፊት ብዙው ሪዘርቪስት ምንም አልነበረውም፣ ስለዚህ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። 60 የተመረጠችው በጊዜው ከመንግሥት ሲቪል ሠራተኞች የጡረታ ዕድሜ ጋር እንድትሄድ ነው። የሲቪሉ ሕግ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። የሪዘርቩ 60 ግን እዚያው ቆሞ ቀረ። ሙሉ ጊዜውን በጦሩ ያገለገለው ሰው ደግሞ ሃያ ዓመት በሞላ ማግስት፣ በ38 ዓመቱም ቢሆን፣ በሚቀጥለው ወር ክፍያው ይጀምርለታል።

«ታዲያ እሱ እኮ ሙሉ ቀን ሠርቷል፣ ሪዘርቪስቱ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው» የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው። ግን ልዩነቱ በገንዘቡ መጠን ላይ አስቀድሞ ተቆርጧል። እንዴት እንደሆነ እንየው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ራሱ የሚጠብቀውን ገንዘብ አስልቶት አያውቅም።

ሪዘርቪስት የሚቆጠረው በነጥብ ነው። አባል በመሆንህ ብቻ በዓመት 15 ነጥብ ታገኛለህ። አንድ ድሪል ማለት የአራት ሰዓት ልምምድ ነው፣ አንድ ነጥብ። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ስትሠራ አራት ነጥብ። በዓመት 48 ድሪል ይሆናል። የበጋው የሁለት ሳምንት ልምምድ 15 ቀን ነው እንበል፣ ቀኑ አንድ ነጥብ። ሲደመር 78። አንድ ዓመት «ጥሩ ዓመት» ተብሎ ከሃያዎቹ ውስጥ እንዲቆጠር ቢያንስ 50 ነጥብ ሊኖርህ ይገባል። 49 ካመጣህ ነጥቦቹ ባይጠፉም ዓመቱ ከሃያው ውስጥ ወጣ ማለት ነው። ዘመቻ ላይ ስትሆን እያንዳንዱ ቀን አንድ ነጥብ ነው።

አሁን ጓደኛዬን እናስላው። ለማቃለል 18 ዓመት በ78 ነጥብ፣ ሁለቱን የዘመቻ ዓመታት በ365 እንውሰድ። ድምሩ 2,134 ይመጣል። ይህን ለ360 ታካፍላለህ፣ 5.93 «ዓመት» ይሆናል። በ2.5 በመቶ ስታባዛው 14.8 በመቶ። ስሌቱ የሚነሣበት ወርሃዊ ደመወዝ 6,000 ዶላር ቢሆን በወር 889 ዶላር ገደማ ነው። በዚያው መነሻ ሃያ ዓመት ሙሉ ጊዜውን ያገለገለው ሰው 50 በመቶ፣ ማለትም 3,000 ዶላር ይወስዳል። ከ2018 ወዲህ የተመዘገቡት አዲሱ ሥርዓት ውስጥ ስለሆኑ ማባዣቸው 2 በመቶ ነው፣ በምትኩ መንግሥት በቁጠባ ሂሳባቸው ላይ ይጨምርላቸዋል።

እንግዲህ እዩት። የትርፍ ሰዓት አገልግሎቱ በትርፍ ሰዓት ልክ ተሰልቶ፣ ተቆርጦ አልቋል። ዕድሜው ላይ የተጨመረው ጥበቃ ከዚያ በላይ ሁለተኛ ቅናሽ ነው። ለምን አሁኑኑ ሁሉም አይከፈላቸውም ብዬ አልሞግትም፣ ወጪው ቀላል አይደለም፣ ደግሞም ሰው በ38 ዓመቱ ሁሉ እየተወ እንዳይሄድ የሚሉት ወታደሮች እውነት አላቸው። ግን «ትንሽ ስለሠሩ ነው የሚጠብቁት» የሚለው መከራከሪያ ስሌቱን ካየህ በኋላ አይቆምም።

ኮንግረስም ይህ ነገር ቆይቶ ሳይገባው አልቀረም። በ2008 በጥር መጨረሻ አንድ ማሻሻያ ወጣ። አንድ ሪዘርቪስት ለዘመቻና ለመሰል ግዳጅ ተጠርቶ 90 ቀን ባገለገለ ቁጥር፣ የጡረታ ዕድሜው በሦስት ወር ይቀነስለታል፣ ግን ከ50 በታች አይወርድም። ጥሩ ነው። ችግሩ የሚቆጠረው ከጥር 28 ቀን 2008 ወዲህ የተሠራው ብቻ መሆኑ ነው። ጓደኛዬ በ2005 ኢራቅ ሄዷል። አንድ ዓመት ሙሉ። ለዕድሜ ቅናሹ የተቆጠረለት ዜሮ ቀን ነው። ኢራቅ ላይ እሳቱ በጋለበት ሰዓት የሄደው ሰው ምንም አላገኘም፣ ከጥር 2008 በኋላ ያው አገር የሄደው አገኘ። ቀኑን ወደ 2001 ለመመለስ ረቂቅ ሕግ በየጊዜው ይቀርባል፣ አንዱም አልጸደቀም።

ሁለተኛው ዘመቻ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ከጥር 10 እስከ ታኅሣሥ 19 ቀን 2012፣ ኩዌት። 345 ቀን። 345ን ለ90 ብታካፍል ሦስት ጊዜ ይደርሳል፣ ዘጠኝ ወር ሊቀነስለት ይገባል አይደል? አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በጀት ዓመት መስከረም 30 ያልቃል፣ በዚያን ጊዜ ሕጉ 90ዎቹ ቀናት በአንድ በጀት ዓመት ውስጥ መውደቅ አለባቸው ይል ነበር። እስከ መስከረም 30 ያለው 265 ቀን ነው፣ ሁለት ዘጠና ወጥቶ 85 ይተርፋል። ከዚያ ወዲህ ያለው 80 ቀን ነው፣ አንድም ዘጠና አይሞላም። 85ም ሄደ፣ 80ም ሄደ። የተቀነሰለት ስድስት ወር ብቻ። ኋላ ሕጉ ሲስተካከል ሁለት ተከታታይ በጀት ዓመቶች እንዲደመሩ ተፈቀደ፣ ግን ከመስከረም 30 ቀን 2014 በኋላ ላለ አገልግሎት ብቻ። በረሃ ላይ የዋለው 165 ቀን ሳይቆጠር፣ በካሌንደር መስመር ምክንያት የሦስት ወር ቅናሽ ቀረበት።

እሱ ይህን ሲያወራ አይናደድም። «ፀሐዩ ግን በጀት ዓመት አያውቅም ነበር» ይላል፣ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ሰው በአንድ ፊርማ ራሱን ወደሚጎዳበት ቦታ።

ሃያ ዓመትህን ስትሞላ አንድ ደብዳቤ ይመጣል። ወታደሮቹ «የሃያ ዓመት ደብዳቤ» ይሉታል። «ዕድሜህ ሲደርስ ለጡረታ ክፍያ ብቁ ነህ» የሚል ማረጋገጫ ነው። በጤና ምክንያት ከጦሩ ለሚሰናበቱት በ15 ዓመትም ይሰጣል። ይህች ወረቀት ካሉህ ወረቀቶች ሁሉ ትበልጣለች። ጓደኛዬ ጋ የደረሰችው ከኤሌክትሪክ ቢልና ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ተደባልቃ በአንድ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ነው። ሁለት ሳምንት ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ተለጥፋ ከረመች። ሊያስታውሳት ፈልጎ ሳይሆን ሌላ ቦታ ስላጣላት ነው።

ደብዳቤው ከተቀበልክበት ቀን ጀምሮ የ90 ቀን ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ ብትሞት ቤተሰብህ ምን ያግኝ የሚለውን መምረጥ አለብህ። ፎርሙ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። ኤ ማለት አሁን አልወስንም፣ ዕድሜዬ ሲደርስ ያኔ እነጋገራለን ነው። ቢ ማለት ብሞት ለባለቤቴ ክፈሉ፣ ግን እኔ 60 ሊሞላኝ በነበረበት ቀን ጀምሩ ነው። ሲ ማለት ደግሞ ነገ ብሞት ከነገ ጀምሮ ክፈሉ ነው። ሙሉ ሽፋን ከሆነ ባለቤት የምታገኘው የጡረታውን 55 በመቶ ነው።

ኤን የመረጠ ሰው በ58 ዓመቱ ቢሞት ቤተሰቡ ከዚህ ጡረታ ምንም አያገኝም። ሃያ ዓመት አገልግሎ፣ አሥራ ምናምን ዓመት ጠብቆ፣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ሞተ እንበል። ገንዘቡ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ከ2001 ጀምሮ ማንኛውም ባለትዳር ኤን ወይም ቢን ለመምረጥ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ያስፈልገዋል፣ ምንም ሳይመልስ 90 ቀኑ ካለፈ ደግሞ ሕጉ ራሱ ሙሉ ሲ ያደርገዋል። ጥሩ ጥበቃ ነው። ግን ፊርማ ማለት ምን እንደሚፈረም ማወቅ ማለት አይደለም።

ጓደኛዬ ፎርሙን የኩሽና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ኤ ላይ ምልክት አድርጎ ነበር። የሆነ ጓደኛው «ሲ ይቆርጥሃል፣ ብርህን አትጣ» ብሎታል። ባለቤቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ምንድን ነው የምፈርመው?»

«የጡረታው ነው። ዝም ብለሽ እዚህ ጋ።»

ቢላዋውን አስቀምጣ፣ እጇን አብሳ ቁጭ አለች። እንግሊዝኛው እንደ ሕግ ሰው ነው የሚያወራው፣ ግን አንብባ ጨረሰችው።

«ይሄ እኮ አንተ ብትሞት እኔ ምንም አላገኝም ነው የሚለው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳትሞትብኝ ስጸልይ ልኑር?»

ተሳሳቁ። ሆኖም ኤ ተሰርዞ ሲ ሆነ። ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር። የዚህ ሽፋን ክፍያ በጥበቃው ዓመታት ከኪስህ አይወጣም። ጡረታህ ሲጀምር ነው ከእሱ ላይ የሚቆረጠው። በመሀል ብትሞት ከኪስህ ዶላር ሳታወጣ ቤተሰብህ ይከፈለዋል፣ ለሽፋኑ ሲባል ከክፍያው ትንሽ ተቀንሶ። እርግጥ ለወደፊቱ ወርሃዊው ያንስብሃል፣ የትዳር ጓደኛህ የራሷ ጥሩ ጡረታ ካላት ወይም ከአንተ በዕድሜ በጣም የምትበልጥ ከሆነ ስሌቱ ሊለወጥ ይችላል። ለአብዛኛው ሰው ግን እኔ ብሆን ዓይኔን ጨፍኜ ሲ ነው።

ሁለተኛዋ ፊርማ ከዚህችም ትብሳለች፣ ምክንያቱም ማንም አያስጠነቅቅህም። ስትወጣ ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ወደ «ጡረታ ሪዘርቭ» መዛወር ነው። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ መሰናበት። የሁለተኛው ስም ደስ ይላል፣ ተገላገልኩ ያሰኛል። ኮንግረስ ጦርነት ወይም ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ ቢያውጅ ጡረታ ሪዘርቭ ውስጥ ያለውን ሰው መልሰው ሊጠሩት ይችላሉ፣ የተሰናበተውን አይጠሩትም። ስለዚህ አንዳንዱ «ከእንግዲህ ወዲህ በቃኝ» ብሎ ሁለተኛውን ይፈርማል።

ዋጋውን ግን ስሙ። ጡረታ ሪዘርቭ ውስጥ ያለ ሰው ጡረታው የሚሰላው ክፍያው በሚጀምርበት ጊዜ አካባቢ ባለው የደመወዝ ሰንጠረዥ ነው። የጠበቀባቸው ዓመታትም በማዕረጉ የአገልግሎት ዘመን ላይ ይደመሩለታል። የተሰናበተው ሰው ግን በወጣበት ቀን ሰንጠረዥ ላይ በረዶ ሆኖ ይቀራል። የጦሩ ደመወዝ በ2023 በ4.6፣ በ2024 በ5.2፣ በ2025 በ4.5 በመቶ ጨምሯል። ሦስቱ ሲባዙ 15 በመቶ ናቸው። በሦስት ዓመት ብቻ! ይህን አሥራ ስድስት ዓመት ላይ ዘርግቶ ማየት ነው። ዳግም የመጠራት ዕድሏ በጣም ጠባብ ናት፣ የሰንጠረዡ ኪሳራ ግን የተረጋገጠ ነው። ጓደኛዬ ሲወጣ የሰጡትን ፎርም የሞላለት ልጅ የቱን እንደሚፈልግ እንኳ አልጠየቀውም። ደግነቱ ትክክለኛው ሳጥን ላይ ነበር ምልክቱ። ደግነቱ ነው የምለው።

ስለ ጤና መድን ሳልናገር ባልፍ ግን ጽሑፉ ባዶ ነው። በግራጫው ቀጠና ውስጥ እውነተኛው ቁስል እሱ ነው።

እያገለገለ ያለ ሪዘርቪስት «ትራይኬር ሪዘርቭ ሴሌክት» የሚባል መድን መግዛት ይችላል። መንግሥት ትልቁን ድርሻ ይሸፍናል፣ አባሉ 28 በመቶውን ይከፍላል። በ2024 ለቤተሰብ በወር 257 ዶላር ገደማ ነበር። ጡረታ በወጣህ ማግስት ይህ ይዘጋል። በምትኩ «ትራይኬር ሪታየርድ ሪዘርቭ» የሚባል በ2010 የተጀመረ ሌላ መድን አለ፣ እሱን ግን ሙሉ ዋጋውን ራስህ ነህ የምትከፍለው። በዚያው በ2024 ለቤተሰብ በወር 1,406 ዶላር ገደማ። አንድ ቤተሰብ ነው፣ ልጆቹም ያው፣ ሐኪሙም ምናልባት ያው። 257 የነበረው 1,406 ሆነ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረህ የፌደራሉን የጤና መድን ማግኘት የምትችል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ መግዛት አትችልም። 60 ሲሞላህ እንደማንኛውም ወታደር ጡረተኛ ዋጋው ረከስ ወዳለው ትራይኬር ትገባለህ፣ 65 ላይ ለአረጋውያን ከሚሰጠው የመንግሥት መድን ከሜዲኬር ጋር ይቀናጃል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በዘመቻ ምክንያት የክፍያ ዕድሜህ ወርዶልህ 57 ላይ ጡረታ ብትጀምር እንኳ የጤናው በር 60 ላይ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ይመጣል፣ መድኑ አይመጣም። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ወጪ ነው። እኔ ግን ስንፍና ይመስለኛል፣ አንዱን ዕድሜ ቀንሰው ሌላውን ሳይነኩት ቀሩ።

የሕይወት መድንም እንደዚያው ነው። አገልግሎት ላይ ሳለህ የነበረህ ከወጣህ በ120 ቀን ያበቃል። ወደ ቬተራኖች (የቀድሞ ወታደሮች) መድን ማዞር ይቻላል፣ በ240 ቀን ውስጥ ካመለከትክ የጤና ጥያቄ አይጠይቁህም። ስኳርና ደም ብዛት ያለበት ሰው ይህን ቀን ቢያሳልፍ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያቅትም።

ምንም የለም ማለት ግን አይደለም። ኮሚሳሪ የሚባለው የጦሩ የምግብ መደብርና የጦር ሰፈሩ ሱቅ ክፍት ናቸው። ድሮ ኮሚሳሪው በዓመት 24 ጊዜ ብቻ ነበር የሚፈቀድላቸው፣ እሱ ገደብ ከተነሣ ሃያ ዓመት አልፎታል። በአገልግሎት ላይ የተጎዳ ሰው ከቬተራኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአካል ጉዳት ካሳ ለማግኘት 60 መጠበቅ የለበትም፣ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም «ጡረታዬ ሲደርስ አብሮ ይመጣል» ብሎ ጉልበቱን እየጎተተ የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ሁለቱ የተለያዩ በሮች ናቸው። ያኛውን ዛሬ ማንኳኳት ይቻላል።

ክብርስ? መታወቂያውን ያየ ይፈርዳል። ለብዙ ዓመታት እየጠበቀ ላለው ቀይ፣ ክፍያ ለጀመረው ሰማያዊ ካርድ ነበር፣ አሁን በአዲስ ዓይነት እየተተካ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ድሪል ሠርቶ ግን በፌደራል ትእዛዝ ለረጅም ግዳጅ ያልተጠራ ሰው እስከ 2016 ድረስ በሕግ «ቬተራን» አይባልም ነበር። በታኅሣሥ 2016 የወጣ ሕግ ስሙን ሰጣቸው። ስሙን ብቻ። ሕጉ ራሱ ከዚህ የተነሣ ምንም ጥቅማ ጥቅም አይጨመርም ብሎ ጽፎታል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚያልቀው እዚያ ነው።

ጡረታው ራሱ አይመጣም። 60 ስለሞላህ ማንም አይደውልልህም። ማመልከት አለብህ፣ ብዙ ጊዜ ከዘጠኝ ወር ቀደም ብለህ። የምድር ጦር ከሆንክ ማመልከቻው የሚሄደው ኬንታኪ፣ ፎርት ኖክስ ወዳለው የሰው ኃይል ዕዝ ነው፣ ክፍያውን የሚፈጽመው ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። አድራሻህን ቀይረህ ሳታሳውቅ ቆይተህ ከሆነ አይፈልጉህም። ብትዘገይ ወደ ኋላ ተመልሶ ይከፈልሃል፣ ግን እስከ ስድስት ዓመት ድረስ ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ለዘገየህበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቀን ክፍያ ይጠፋል። ሃያ ዓመት ሠርቶ መጠየቅ ረስቶ ገንዘቡ የቀረበት ሰው አለ ቢሉህ አትገረም፣ ሥርዓቱ ለመርሳት የተመቸ ነው።

ነጥቡንም መቁጠር የአንተ ሥራ ነው። ጓደኛዬ ሲወጣ የነጥብ መግለጫውን አውጥቶ ከድሮ ትእዛዞቹ ጋር አንድ በአንድ አስተያየው። ኢራቅ ከመሄዱ በፊት ለዝግጅት የተጠራባቸው 30 ቀናት የሉም። የት ሄዱ? ማንም አያውቅም። በወቅቱ የነበሩት ጸሐፊ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሰነዱን የያዘው ቢሮ «ሲስተሙ ላይ የለም» አለው። 30 ነጥብ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በቅድሙ ስሌት በወር 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ለ25 ዓመት ቢኖርበት 3,750 ዶላር ይሆናል። ለአንዲት ወረቀት ማለት ነው። እሱ ግን የትእዛዙ ቅጂ ነበረው፣ ላብና አቧራ ያጠቆረው፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ በዳፍል ቦርሳ ኪስ ውስጥ 19 ዓመት የከረመ። አቀረበ፣ ከአራት ወር በኋላ ተስተካከለለት። ይህን ዛሬ ማድረግ ይሻላል፣ በ2040 ማን ይህን ትእዛዝ ያውቀዋል?

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰማያዊ ፋይል አለው። የሃያ ዓመት ደብዳቤው፣ የሲ ምርጫው ቅጂ፣ ወደ ጡረታ ሪዘርቭ የተዛወረበት ትእዛዝ፣ የዘመቻ ማሰናበቻዎቹ፣ የጋብቻ ወረቀቱ፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፊኬት፣ የተስተካከለው የነጥብ መግለጫ። ባለቤቱ ሁሉንም በስልኳ ፎቶ አንሥታለች፣ ፋይሉ ደግሞ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከላይ፣ ከነጠላዎቿ ሥር ነው። «አንተ ብትረሳ እኔ አልረሳም» ብላዋለች።

ባለፈው ቤታቸው ቡና ስንጠጣ ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ ስልኩን አወጣና ካሌንደሩን ወደ ፊት መጎተት ጀመረ። 2026፣ 2030፣ 2035። ጣቱ ደከመው። መጋቢት 2040 ላይ ሲደርስ ቆመ፣ «ጡረታ ጠይቅ» ብሎ ጻፈ፣ አስቀምጥ የሚለውን ተጫነ። ስልኩ አንድ ጥያቄ ጠየቀው፦ ማስታወሻው ከስንት ደቂቃ በፊት ይድረስህ፣ ከአምስት፣ ከአሥር ወይስ ከሠላሳ?

ሠላሳን መረጠ።